ለመኪና ላሜራ የመጀመሪያው የብየዳ ማሽን፦ ከአምፔሩ በፊት ገመዱ ይታይ

ከባቲ የጻፉልን ጠያቂ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ አላቸው። ከአፍዴራ የሚመጣ ጨው በጆንያ ለዓመታት ሲያመላልሱበት ስለኖሩ የካሶኒው ወለል ከማዕዘኑ ጀምሮ በዝገት ተበልቶ ተበስቷል። ከጎረቤት በተዋሱት አነስተኛ ኢንቨርተር ማሽንና 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ኤሌክትሮድ ሊጠግኑት ሲሞክሩ ኤሌክትሮዱ መጀመሪያ ላይ ይጣበቃል፤ አምፔሩን ከፍ ሲያደርጉት ደግሞ ላሜራውን ይበሳዋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ጭራሽ እሳት አይዝም። ማሽኑን ከቤት እስከ ጓሮ የሚያገናኙት 40 ሜትር በሚሆን ባለ 1.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ገመድ ሲሆን፣ ገመዱ በእጅ ሲነካ ይሞቃል። አሁን የራሳቸውን ማሽን ለመግዛት ስላሰቡ «ባለ 300 አምፔር ብገዛ ይሻለኛል ወይ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

አይሻልዎትም። ከነገሩኝ ምልክቶች እንደምገምተው የተዋሱት ማሽን አቅም አላነሰውም፤ ያነሰው ወደ እሱ የሚደርሰው ቮልቴጅ ነው። የሚጣበቅ ኤሌክትሮድ፣ የሚሞቅ ገመድና ሠፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት የሚብስ ችግር አንድ ላይ ሲመጡ፣ እኔ አስቀድሜ የምመረምረው ማሽኑን ሳይሆን ገመዱን ነው። የላሜራው መበሳት ግን ሌላ ምክንያት አለው፤ ኤሌክትሮዱ ለላሜራው እጅግ ወፍራም ነው።

ከሁሉ በፊት የነዳጅ ታንኩን ነገር ላንሳ። የፒክአፕ ነዳጅ ታንክ በአብዛኛው ከካሶኒው ወለል ሥር የተንጠለጠለ በመሆኑ ከሚበይዱት ላሜራ ብዙም አይርቅም። ታንኩ ይፈታ፣ ከግቢው ይውጣ፣ በመኪናው ላይ የቀሩት የነዳጅ ቱቦዎች አፍም በደንብ ይደፈን። ነዳጁን ቀድቶ ታንኩን ባለበት መተው መፍትሔ አይደለም፤ የሚፈነዳው ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነት ስለሆነ ባዶ ታንክ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው። ናፍጣ ነው ብለውም አይዘናጉ፤ ብረቱ ሲግል ናፍጣም ይተናል። ነዳጅ በሚጠፋበት ወቅት ለክፉ ቀን ተብሎ በጄሪካን የተቀመጠ ካለ እሱም አብሮ ይውጣ።

ስለ ገመዱ ረዘም አድርጌ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው ያለምክንያት ማሽን የሚለውጠው ይህን ባለማወቁ ነውና። 2.5 ኤሌክትሮድ በ90 አምፔር ሲነድ በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል ያለው ቮልቴጅ 24 ገደማ ነው። ይህም ወደ 2,100 ዋት ይሆናል፤ ማሽኑ ራሱ የሚያባክነውና ጅረቱን ከመስመሩ በወጥነት ሳይሆን እየቆራረጠ መሳቡ ሲታከልበት ከ220 ቮልት መስመር የሚስበው በግምት 17 አምፔር ነው። ጅረቱ በአንዱ ሽቦ ሄዶ በሌላው ስለሚመለስ፣ 40 ሜትር ገመድ ማለት 80 ሜትር ሽቦ ማለት ነው። በዚህ ርዝመት ባለ 1.5 የመዳብ ሽቦ 0.9 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። 17ን በ0.9 ሲያባዙት 15 ቮልት በገመዱ ውስጥ ብቻ ጠፍቶ ያገኙታል። በምሽት ቤት የሚገባው መብራት 195 ቮልት ከሆነ እንግዲህ ማሽኑ ዘንድ የሚደርሰው 180 ነው፤ በዚህ ቮልቴጅ ብዙ ርካሽ ኢንቨርተሮች እሳቱን ጠብቀው ሊያቆዩት አይችሉም። የጠፋው ኃይል የትም አልሄደም፤ 260 ዋት ያህል ሙቀት ሆኖ በገመዱ ላይ ተበትኗል፤ በእጅዎ የተሰማዎት እሱ ነው። ጅረቱ በእጥፍ ቢያድግ ሙቀቱ በአራት እጥፍ ስለሚያድግ፣ ተጠቅልሎ በተቀመጠ ገመድ መበየድ ላስቲኩን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። በምትኩ ባለ 4 የመዳብ ገመድ ቢዘረጉ በዚያው ርቀት የሚጠፋው 6 ቮልት አይሞላም።

ባለ 300 አምፔር ማሽን ይህን አንዱንም አያስተካክልም። ወደ 90 ዝቅ አድርገው ከሠሩበት ከመስመሩ የሚስበው ያንኑ ያህል ነው፤ 300 ላይ ልሥራበት ቢሉ ደግሞ እሳቱ ላይ ብቻ ወደ 9,600 ዋት ስለሚፈልግ የቤት መስመር አይችለውም። በካርቶን ላይ የተጻፈውን ቁጥርም አልወደውም። ባለ 300 ተብሎ የሚሸጥ፣ ክብደቱ በአንድ እጅ የሚንጠለጠል ማሽን ሲከፈት በውስጡ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የ120 ወይም የ140 አምፔር አቅም ነው። ስለዚህ ካርቶኑን ትተው ከማሽኑ ጀርባ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያንብቡ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ደቂቃ ያለ ዕረፍት እንደሚሠራ በመቶኛ ተጽፎ ማግኘት አለብዎት፤ 60 በመቶ ማለት 6 ደቂቃ ሠርቶ 4 ደቂቃ ያርፋል ማለት ነው። ይህ የሌለበትን ማሽን አይግዙ፤ በተለይ እንደ ባቲ ባለ ሙቀታማ አገር።

የትኛውን ይግዙ ለሚለው፣ ሥራዎ በዋነኛነት የመኪና ላሜራ ከሆነ የመጀመሪያ ማሽንዎ የሽቦ ብየዳ፣ ማለትም ሚግ ይሁን። የካሶኒና የጋቢና ላሜራ ውፍረት ከ0.7 እስከ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ 3.2 ኤሌክትሮድ ደግሞ በትንሹ 90 አምፔር ይፈልጋል፤ ላሜራው ሊሸከመው የማይችለው ሙቀት ነው። ሚግ በ0.6 ወይም በ0.8 ሽቦ ከ30 እስከ 60 አምፔር ባለው መካከል በእርጋታ ይሠራል። እውነተኛ አቅሙ 160 አምፔር አካባቢ የሆነ፣ እስከ 30 ዝቅ የሚል፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ለመለዋወጥ የሚያስችል፣ የኤሌክትሮድ ፒንሳም የሚቀበል ቢያገኙ ይምረጡት፤ ለወፈረ ብረት 2.5 ኤሌክትሮድ ይጠቀሙበታል። የሽቦ መግፊያው ጥርስ ፕላስቲክ ከሆነ ይለፉት። ሚግ ሲበይድ ብየዳውን ከአየር የሚከላከልለትን ጋዝ በተመለከተ፣ ማሽኑን ከመግዛትዎ በፊት ሲሊንደር የሚሞላልዎት በኮምቦልቻ ወይም በደሴ መኖሩን ያረጋግጡ። ከሌለ ያለ ጋዝ የሚሠራውን ባለ ዱቄት ሽቦ ይጠቀሙ፤ ያን ጊዜ ችቦው (ሽቦው የሚወጣበት እጀታ) ወደ ኔጋቲቭ መዞር አለበት፤ ብልጭታውና ሙቀቱ ግን ስለሚበዛ በስስ ላሜራ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። በጋዝ ሲሠሩ ነፋስ ጋዙን ይወስድብዎታልና መጋረጃ ያድርጉ።

በተመሳሳይ መንገድ ገመድ ሲገዙ ይጠንቀቁ። የአንዱን ክር ጫፍ በቢላዋ ይፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነውና ይመልሱት።

በደብዳቤዎ «ባለፈው ዓመት የተለጠፈ ቁራጭ አለበት» ያሉት በጣም ያሳስበኛል። እንዲህ ያለውን ሥራ ከአንዳንድ ጋራዥ የሚመጣ መኪና ላይ ደጋግሜ አያለሁ፦ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ቆርጠው በዝገቱ ላይ በሪቬት ያያይዙታል፣ ስንጥቁን በስቱኮ ይሞሉታል፣ ከሥሩ ሬንጅ ይቀቡታል። ጨዋማው ውኃ በቁራጩና በወለሉ መካከል ታስሮ ይቀርና ደህናውን ላሜራ ይበላዋል። ያን ሁሉ ያውጡት። ቆርቆሮው ዚንክ የተቀባ ስለሆነ በላዩ አይበይዱ፤ ብየዳው ይቦረቦራል፣ ጭሱም ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። ሬንጁ ደግሞ ከሥር በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ጨውን በብዙ ውኃ አጥበው ያድርቁ። ዝገቱን በግራይንደር እየቆረጡ ንጹሕ ብረት እስኪያገኙ ይሂዱ፤ በመዶሻ ሲመቱት የደነዘዘ ድምፅ የሚሰጥ ላሜራ ገና ታሟል። አዲሱን ቁራጭ በየ3 ሴንቲ ሜትሩ በነጥብ ይያዙት፤ ከዚያም ከአንዱ ጠርዝ ወደ ተቃራኒው እየተዘዋወሩ ቀዳዳውን ይሙሉ። በአንድ ትንፋሽ የተሰፋ ላሜራ ይጣመማል። የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ። የማሽኑን ማሳ (የመመለሻ ገመዱን መቆንጠጫ) ከሚበይዱት ቦታ አጠገብ በተፋቀ ብረት ላይ ያሥሩት፤ ራቅ ብሎ ከታሠረ ጅረቱ በኩሽኔታ ውስጥ አልፎ ሊያበላሸው ይችላል። ሻንሲው ራሱ ከተበላ ግን በዚህ ማሽን አይጀምሩት፤ የመሪና የፍሬን ክፍሎችንም እንዲሁ። እነሱን ለሙያው ሰው ይስጡ።

ታንኩ መውጣቱን በዓይንዎ አይተው ሳያረጋግጡ ችቦውን አያንሡ፤ ሌላ ሰው «አውጥቻለሁ» ቢልዎት እንኳ። ውኃና አሸዋ አጠገብዎ ይኑር፤ ከጨረሱ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ከመኪናው አይራቁ።

አሁን ግን መጀመሪያ የሚገዙት ባለ 4 ገመዱንና 2.0 ኤሌክትሮድን ነው። በተዋሱት ማሽን በ50 አምፔር አካባቢ በቁራጭ ብረት ላይ ሲበይዱ፣ ሌላ ሰው ማሽኑ በተሰካበት ሶኬት ላይ ቮልቴጁን በቴስተር ያንብብልዎት፤ አንድ ጊዜ በጠዋት፣ አንድ ጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ። በሁለቱም ጊዜ ከ200 በላይ ከሆነ ያልኩዎትን ሚግ ያለ ሥጋት ይግዙ። ምሽት ላይ ብቻ ከ190 በታች ከወረደ ችግሩ የሠፈሩ መስመር ስለሆነ ሥራዎን በጠዋት ያድርጉት። በጠዋትም ከወረደ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ያለው መስመር በመብራት ኃይል ሠራተኛ ይታይ።