ባለቤታችሁ ግዳጅ ላይ እያለ አሜሪካ ለምትገቡ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው የአሜሪካ ሠራዊት አባል አግብታችሁ፣ ቪዛችሁ ወጥቶ፣ ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ባለቤታችሁ ወደ ግዳጅ ለሄደባችሁ ነው። አብዛኞቻችሁ ሴቶች ስለሆናችሁ «እሱ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ሚስቱ ወታደር የሆነችበት ወንድም ምክሩ ሁሉ ይመለከተዋል። ሙያዬ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን ማማከር ነውና ከሁሉ የሚያሳስበኝን አስቀድሜ ልናገር። «እሱ ሲመጣ ይደረሳል» የምትለውን ነገር ከአፋችሁ አውጧት። ከፊታችሁ ሁለት ከባድ ሥራ አለ፤ አገሩን መልመድና ባለቤታችሁን መልመድ። ሁለቱን ባንድ ሳምንት የጀመረ ሰው ሁለቱም ይበላሹበታል። አገሩን መልመድ እሱ ሳይመለስ መጀመር አለበት፣ በራሳችሁ ስምና በራሳችሁ እግር።

ነገሩ የሚጀምረው ከወረቀት ነው፤ እኛን የሚያሰናክለን ደግሞ ስምና የልደት ቀን ነው። ፀሐይ የሚለው ስም በፓስፖርቱ ላይ መጨረሻው በዋይ፣ በጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ትርጉም ላይ በአይ ከተጻፈ በኮምፒውተር ዓይን ሁለት ሰው ናችሁ። ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ሚካኤል የመሳሰለው ባለ ሁለት ቃል ስም ለሁለት ይሰነጠቅና ግማሹ የመካከለኛ ስም ይሆናል። የአባታችሁ ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ስለሚያዝ ከባለቤታችሁ ስም ጋር አለመመሳሰሉ ችግር አይደለም፤ ችግር የሚሆነው የእናንተው ስም ከወረቀት ወረቀት ሲለያይ ነው። የልደት ቀን ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲገለበጥም አንድ ቀን ማዛነፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ በጳጉሜ ወይም በመስከረም የተወለዳችሁ በተለይ ደግማችሁ ቁጠሩ። ስለዚህ ከአገር ሳትወጡ ፓስፖርቱን፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን፣ ትርጉማቸውንም ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። መለኪያው ፓስፖርቱ ነው፤ ትርጉሙ ከእሱ ካልገጠመ ትርጉሙን አሠሩት። ዋናዎቹ ሰነዶች ሁሉ በእጅ ሻንጣ ይግቡ፤ ኤምባሲው የታሸገ ፖስታ ከሰጣችሁ ደግሞ እንዳይከፈት።

ስትገቡ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው የስደተኛ ቪዛ ማህተም ከተመታበት ቀን ጀምሮ እስከ 1 ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ካርዱ ራሱ በፖስታ ነው የሚመጣው፤ የኢሚግሬሽን ክፍያውን በኢንተርኔት ካልከፈላችሁ ግን አይታተምም። የሰጣችሁት አድራሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ የእሱ አፓርታማ ነው፤ እሱ የለም፣ በፖስታ ሳጥኑም ላይ የእናንተ ስም የለም። ፖስተኛው የማያውቀውን ስም ወደ ላኪው ሊመልስ ስለሚችል ገና በገባችሁበት ቀን ስማችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ሳጥኑ ውስጥ ለጥፉ። ቤት በለወጣችሁ ቁጥር በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታ መሆኑንም ያዙት፤ የወታደር ቤተሰብ ቶሎ ቶሎ ስለሚዛወር የሚረሳው እሱ ነው።

ቀጥሎ ዲርስ ነው፤ የሠራዊቱ የቤተሰብ መዝገብ ማለት ነው። እዚያ ላይ ካልገባችሁ ለሠራዊቱ የላችሁም፤ መታወቂያ የለም፣ ሕክምና የለም፣ ያለ አጃቢ ወደ ጦር ሰፈሩ መግባትም የለም። መዝገቡ ላይ የሚያስገባችሁ ባለቤታችሁ ነው። እሱ ከሌለ 1172-2 የሚባለውን ፎርም ፈርሞ መላክ ወይም ውክልና መስጠት አለበት። ካለበት ሆኖ በሠራዊት ካርዱ በዲጂታል መንገድ መፈረም ከቻለ በጣም ይቀላል፤ ፊርማው ከቆየ መታወቂያ ቢሮው ላይቀበለው ስለሚችል ግን ቀጠሮ ያዙና እንዲፈርም ንገሩት። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን (የመንግሥት መለያ ቁጥራችሁ ያለበትን) አትጠብቁ፤ ቁጥሩ ኋላ ይጨመራል። ዲርስ ላይ መግባትና ትራይኬር በሚባለው የሠራዊቱ የጤና ኢንሹራንስ ዕቅድ መመዝገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙ ሰው የሚያውቀው ሲታመም ነው። ከጋብቻ ወይም ከአድራሻ ለውጥ በኋላ ዕቅድ ለመምረጥ ያለው ጊዜ 90 ቀን ነው። እርጉዝ ሆናችሁ የምትገቡ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሱት።

ስለ ውክልና ጥቂት ልቆይበት። ጠቅላላ ውክልና ጠንካራ ይመስላል፤ ብዙ ባንኮች ግን አይቀበሉትም፣ የራሳቸውን ፎርም ወይም ጉዳዩን ለይቶ የሚጠቅስ ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ። ቤት ለመከራየት፣ መኪና ለመሸጥና ለማስመዝገብ፣ ግብር ለማሳወቅ፣ ለየብቻው ይጻፍ። በየጦር ሰፈሩ ያለው የሕግ ድጋፍ ቢሮ በነጻ ያዘጋጃል። የሚያበቃበት ቀን ከታሰበው መመለሻው ቢያንስ ሦስት ወር አልፎ ይቀመጥ፤ ግዳጅ ይራዘማል፣ ውክልናው ግን ከግዳጁ ጋር አብሮ አይራዘምም። የጋራ ሂሳብ ይከፈት፣ ከዚያም ሌላ በእናንተ ስም ብቻ ትንሽ ሂሳብ ይኑር። የደመወዝ ወረቀቱን ማንበብ ተማሩ፤ የቤት አበሉ ስንት እንደሆነ፣ በግዳጅ ከቤተሰቡ ለተለየ ወታደር የሚከፈለው የመለያየት አበል ገብቶ እንደሆነ እዚያው ላይ ይታያል። ይህን መጠየቅ ባልን አለማመን አይደለም። ኪራይ የሚከፍል ሰው የሚገባውን ገንዘብ ማወቅ አለበት። ወታደር ቤተሰቡን በገንዘብ እንዲደግፍ የሚያስገድድ ደንብ እንዳለም እወቁ።

«እሱ እስኪመጣ ዘመድ ጋ ልቀመጥ ወይስ ጦር ሰፈሩ አጠገብ?» የምትሉት ጥያቄ አጭር መልስ የለውም። ሲያትል ዘመድ ያላት፣ ባሏ እዚያው አቅራቢያ ባለው የሉዊስ-ማኮርድ ጦር ሰፈር የተመደበ ልጅ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚለያት፤ ተመላልሳ ጉዳይዋን ትጨርሳለች። ባሏ ቴክሳስ ሆኖ እሷ ሜሪላንድ ዘመድ ጋ የምትቀመጠዋ ግን ሌላ ነገር ነው። የቤት አበሉ የሚሰላው እሱ በተመደበበት ቦታ እንጂ እሷ ባለችበት አይደለም፤ ሐኪሟን፣ መንጃ ፈቃዷን፣ የቋንቋ ትምህርቷን እዚያ ጀምራ እሱ ሲመለስ ሁሉን አፍርሳ ትነሳለች። የእኔ አስተያየት፦ ሕፃን ካልያዛችሁና እርጉዝ ካልሆናችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ሳምንታት ዘመድ ጋ ዕረፉ፣ ከዚያ ወደ ቦታችሁ ሂዱ። ብቸኝነቱ እውነት ነው፣ አላቃልለውም። ግን ጦር ሰፈሩ አጠገብ ሆና መንዳት የተማረች፣ የጦር ክፍሉን የቤተሰብ ተጠሪ በስም የምታውቅ ሴት እሱ ሲመለስ ቤት አላት።

እሱ ዝም ሲል ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ። በክፍሉ ሰው ሲጎዳ የተጎጂው ቤተሰብ በወጉ እስኪነገረው ድረስ ስልኩም ኢንተርኔቱም ለሁሉም ይዘጋል። ስለዚህ የሁለት ሦስት ቀን ዝምታ ስለ እሱ ምንም አይናገርም። እናንተ አስቸኳይ ነገር ሲገጥማችሁ መንገዱ ቀይ መስቀል ነው። ስልኩ 1-877-272-7337 ነው፤ ሙሉ ስሙን፣ የልደት ቀኑን፣ የክፍሉን አድራሻ፣ ቢቻል የሶሻል ቁጥሩን አዘጋጁ። ቀይ መስቀል ወሬውን ከሆስፒታል ወይም ከሐኪም አረጋግጦ ነው ለአዛዡ የሚያደርሰው። እዚህ ላይ የእኛ ልማድ ይጋጫል። አገር ቤት የእናቱ ወይም የአባቱ ሞት ቢሰማ ዘመድ «መርዶው ይቆይ» ይላል፤ አዛዡ ፈቃድ ሊሰጠው ይችል የነበረው ጊዜ በዚያው ያልፋል። ከመሄዱ በፊት፣ ከሄደም በስልክ፣ «ክፉ ቢመጣ ወዲያው ልንገርህ ወይስ ላቆይልህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ቃሉንም ለቤተሰቡ አስታውቁ። የመመለሻውን ቀንና በረራ ደግሞ በፌስቡክም በቲክቶክም እንዳትለጥፉ፤ ለአክስትም ቢሆን «ቀኑ አልታወቀም» ማለት ይበቃል።

አሁን ወደ መመለሱ። ቀኑ ይለዋወጣል፣ አንዳንዴ በመጨረሻው ሌሊት። ዘመድ ከሩቅ ጠርታችሁ አዳራሽ አትከራዩ፤ ድግሱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፍሉ በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ይጠራዋል፤ የጤና ምርመራ፣ የመሣሪያ ርክክብ፣ ገለጻ አለበት፤ ረጅም ፈቃድ የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ቤት ሲገባ እንቅልፉ የተዛባ ነው፣ ሕዝብ የበዛበት ቦታ አይወድም፣ ሱቅ ውስጥ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቆማል። መኪና ሲነዳ የመንገዱን መሐል ይይዛል፣ ድልድይ ሥር ሲደርስ ይፈጥናል፤ እዚያ ሕይወት ያተረፈለት ልማድ ነው፣ እዚህ ግን ይገድላል። መንጃ ፈቃድ ካላችሁ የመጀመሪያውን ሳምንት እናንተ ንዱ። ልጅ ካለ ገፍታችሁ እቅፉ ውስጥ አታስገቡት። ሕፃኑ የሚሸሸው አባቱን ጠልቶ ሳይሆን ስላላወቀው ነው፤ አባትየው ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው፣ ልጁ ራሱ ይመጣል።

ከሁሉ የሚከብደው የቤቱ አስተዳደር ነው። ብዙዎቻችሁ ከሠርጉ በኋላ አብራችሁ የኖራችሁት የፈቃዱን ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። እሱ በሐሳቡ ይዞ የተመለሰው አገሩን የማታውቅ፣ በእጅ የሚመራት ሙሽራ ነው፤ የሚያገኘው ግን ሂሳብ የምትከፍል፣ ከቤት አከራዩ ጋር የምትከራከር ሴት ነው። አንዳንዱ ደስ ይለዋል፣ አንዳንዱ ቦታ ያጣ ይመስለዋል፣ ብዙው ሁለቱንም ባንድ ቀን ይሆናል። ሁሉን ነገር ባንድ ጊዜ አታስረክቡ፣ ሁሉን ይዛችሁም አትቅሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቤቱ እንደነበረው ይሂድ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማታ ስልክ አጥፍታችሁ ተቀመጡ፤ ማን ምን እንደሚይዝ ተነጋገሩ፣ አንድ ነገር ብቻ አስተላልፉ፤ ለምሳሌ የመኪናውን ጉዳይ። ገንዘቡን በመጨረሻ። ስለ ግዳጁ አትጠይቁት፤ ሲያወራ ግን ሥራችሁን አቁማችሁ ስሙት።

መጨናነቁ፣ ብስጭቱ፣ ሌሊት መባነኑ ለጥቂት ሳምንታት ቢታይ የሚጠበቅ ነው። ከአንድ ወር ካለፈ፣ መጠጥ ከበዛ፣ ወይም መሞትን ካነሳ ግን መጠበቅ ይብቃ። ሚሊተሪ ዋንሶርስ የሚባለው የወታደር ቤተሰቦች ድጋፍ አገልግሎት ሌት ተቀን ይሠራል፣ ለአንድ ጉዳይ እስከ 12 ጊዜ ነጻ የምክር አገልግሎት ይሰጣል፣ በስልክ አስተርጓሚም ያቀርባል። ጎረቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ሰው አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ባለቤታችሁ ምሥጢሩ ሰፈር መግባቱን ከጠረጠረ ዳግመኛ አይናገርም። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከሆነ ወደ ቀውስ ጊዜ መስመሩ 988 ደውላችሁ ለወታደሮች የተለየውን 1ን ተጫኑ። ከተመለሰ ከ90 እስከ 180 ቀን ባለው ጊዜ ሁለተኛ የጤና ግምገማ አለበት፤ ብዙ ነገር የሚወጣው ያኔ ነውና «ደህና ነኝ» ብሎ እንዳያልፈው ያያችሁትን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ስድብና ዱላ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። «ግሪን ካርድሽን አስነጥቅሻለሁ» የሚል ባል በእጁ የሌለውን ሥልጣን ነው የሚያስፈራራው፤ ያንን የሚወስን እሱ አይደለም። የተበደለች ሚስት ያለ እሱ ፊርማ ለብቻዋ የምታመለክትበት ሕጋዊ መንገድ አለ። በጦር ሰፈሩ ያለው የቤተሰብ ጥበቃ ቢሮ አዛዡ ሳይሰማ አቤቱታ የሚቀበልበት አሠራር አለው፤ ይህን መንገድ እንደምትፈልጉ በመጀመሪያው ንግግራችሁ፣ ዝርዝሩን ሳትጀምሩ ተናገሩ።

የቀረው የካርዱ ጉዳይ ነው። ስትገቡ ጋብቻችሁ 2 ዓመት ካልሞላው ካርዱ የሚሠራው ለ2 ዓመት ነው፤ ሊያበቃ በቀሩት 90 ቀናት ውስጥ ሁለታችሁም የፈረማችሁበት አይ-751 የሚባለው የሁለት ዓመቱን ገደብ ማስነሻ ማመልከቻ መግባት አለበት። ማስረጃው አብሮ መኖርን የሚያሳይ ነው። የተለያያችሁበት ጊዜ በግዳጅ ትእዛዙ ቅጂ ይገለጻል፤ የሁለታችሁ ስም ያለበት የኪራይ ውል፣ የባንክ ወረቀት፣ የትራይኬር ምዝገባ፣ አንድ ላይ ያሳወቃችሁት ግብር ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ባንድ ፋይል ይጠራቀም። ያ ጊዜ ሲደርስ ዳግም ግዳጅ ላይ ከሆነ ፎርሙን በኢሜይል ላኩለት፤ አትሞ በእስክሪብቶ ይፈርም፣ ስካን አድርጎ ይመልስ፤ በእጅ የተፈረመ እስከሆነ ድረስ ቅጂውን ይቀበላሉ። ስሙን በታይፕ ጽፎ ከላከ ግን ማመልከቻው ተመላሽ ይሆናል፤ ስለዚህ 90 ቀኑ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ላኩለት፣ ለማስተካከል ጊዜ እንዲኖራችሁ።