«ዲሳይድ» ምኑን ነው የሚቆርጠው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። እንግሊዝኛ እየተማርኩ ነው። ሰማያዊውን ሸሚዝ መረጥኩ ለማለት «አይ ዲሳይድድ ዘ ብሉ ሸርት» ብዬ ጻፍኩና አስተማሪዬ በቀይ ሰረዘችብኝ። «ቹዝ ነው የሚባለው» አለችኝ። መምረጥና መወሰን ያው አይደሉም እንዴ? «ዲሳይድ»ስ ከየት የመጣ ቃል ነው?

መልስ፦ ያው አይደሉም። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታይሽ ደግሞ ከቃሉ አመጣጥ ስትነሺ ነው። «ዲሳይድ» የላቲኑ «ዴኪዴሬ» ነው፤ ቆርጦ መለየት ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። መቀስ «ሲዘርስ» የሚባለው፣ ሐኪም በምላጭ የሚቀደው «ኢንሲዥን» የሚባለው ከዚሁ ግንድ ነው። ተባይ ማጥፊያው «ፔስቲሳይድ» መጨረሻ ላይ ያለችው «ሳይድ» ሳትቀር የዚሁ ዘመድ ናት፣ ምክንያቱም «ዴኪዴሬ» የተሠራበት የላቲን ግስ «ካይዴሬ» መቁረጥ ብቻ ሳይሆን መግደልም ነበር።

ይሄ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «ቁርጡን ንገረኝ» እንላለን፣ «ቆርጬ ተነሳሁ» እንላለን። «ወሰነ» ራሱ ከ«ወሰን» ጋር አንድ ሥር ነው፤ እዚህ ጋ ያበቃል ብሎ ድንበር ማበጀት። በጣም ደስ የሚለኝም ይሄ ነው፣ ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች አንድ ሐሳብ ላይ መገናኘታቸው።

አሁን ወደ ስህተትሽ። ቃሉ እንግሊዝኛ ሲገባ መጀመሪያ የተሠራበት ለክርክር ነው፤ ሁለት ሰዎች ይካሰሳሉ፣ ዳኛው ነገሩን ይቆርጠዋል። የሚቆረጠው እንግዲህ ጉዳዩ ነው እንጂ የተመረጠው ዕቃ አይደለም። «ዘ ጎል ዲሳይድድ ዘ ማች» ትክክል የሆነው ለዚህ ነው፤ ጎሏ የጨዋታውን ነገር ቆረጠችው። ሸሚዝ ግን የሚቆረጥ ጉዳይ አይደለም። መሃል ላይ «ኦን» ጣል ብታደርጊ ግን ይስተካከላል፦ «አይ ዲሳይድድ ኦን ዘ ብሉ ሸርት»። «ስለ ሸሚዙ የነበረውን ሐሳብ ቆረጥኩ» እንደማለት ነው።

«ቹዝ» የጥንቱ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፣ ሥሩን ወደኋላ ብትከተይው ከመቅመስ ጋር ይገናኛል። ሁለት ሸሚዝ አልጋ ላይ ዘርግተሽ ጨርቁን በጣትሽ ስትዳብሺ፣ ኮሌታውን ስታዪ፣ አንዱን ደረትሽ ላይ አድርገሽ መስታወት ፊት ስትቆሚ ቹዝ እያደረግሽ ነው። ሌላውን አጥፈሽ ቁም ሳጥን ውስጥ መልሰሽ በሩን ስትዘጊው ዲሳይድ አደረግሽ።