ፐርኮሌተር ለመግዛት ላሰብከው

ሰላም ወንድሜ። ምድጃ ላይ ለሚጣድ ፐርኮሌተር (ውሃውን በቱቦ እያዞረ ቡና የሚያፈላው ማንቆርቆሪያ) አሉሚኒየም ይሻላል ወይስ ስቴንለስ ስቲል ላልከው፣ እኔ ስቴንለሱን ውሰድ እልሃለሁ። አሉሚኒየሙ በዋጋ ቀለል ይላል፤ ግን ቶሎ ይጨረማመታል፣ ብቻውን ከሆነ ኢንዳክሽን ምድጃ (በማግኔት ኃይል ዕቃውን ራሱን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ምድጃ) ላይም አይሠራም። ስቴንለስ ሁሉም ይሠራል ማለት ግን አይደለም። ማግኔት ይዘህ ሂድ፤ ቂጡ ላይ ጥብቅ ብሎ ከያዘ ይሆንሃል።

ክዳኑን አትለፈው። አናቱ ላይ ያለችው ጉልላት ብርጭቆ ብትሆን ይመረጣል፣ የቡናውን መልክ የምታየው በእሷ ነው። ውሃው በመሐል ቱቦው እየወጣ ቡናው ላይ ደጋግሞ ስለሚፈስ፣ ከረሳኸው ይመራል። መንተክተክ ሲጀምር እሳቱን ቀንስ፤ ከዚያ በኋላ ከ7 እስከ 8 ደቂቃ ይበቃዋል።

ከዕቃው በላይ የሚያሳስበኝ አፈጫጩ ነው። ለጀበና የላመ ቡና እዚህ አይሆንም፤ በወንፊቱ ቀዳዳ ሾልኮ ስኒው ሙሉ አተላ ይሆንብሃል። ሻከር አድርገህ አስፈጭ፣ እባክህ።

መጠኑን ስትመርጥ ደግሞ፣ ካርቶኑ ላይ «8 ስኒ» የሚለው የእኛን ስኒ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ወደ 150 ሚሊ ሊትር ነው። ለሁለት ሰው ባለ 4ቱ ከበቂ በላይ ነው።