ግንድ ለመሰንጠቅ ለምታስቡ ወጣቶች

ሰሞኑን አንድ የጠዳ ልጅ «ጋሼ፣ ትንሽ የግንድ መሰንጠቂያ ማሽን ልገዛ ነው፤ ስንት የፈረስ ጉልበት ይበቃኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። አያቱ ግቢ ውስጥ ትልቅ ዋንዛ አለ። እሱን ራሱ ሰንጥቆ ጣውላ ሊያደርገው አስቧል። ስለ ሞተሩ ልመልስለት ስል ሌላ ዋንዛ ትዝ አለኝና ሆዴን ባር ባር አለኝ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። እዚሁ ጎንደር አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሬ ግንድ እገፋ ነበር። አንድ ቀን ከአዘዞ በኩል በጭነት መኪና የዋንዛ ግንድ መጣ። እንደሱ ያለ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ቋጠሮ የለው፣ ስንጥቅ የለው። ስንከፍተው ዳሩ ነጣ ያለ፣ ውስጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ሥራ አቁመን ዙሪያውን ቆመን አየነው።

ግንድ የሚሰነጥቁልን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ማሽን ሳይኖር በእጅ መጋዝ የሠሩ ናቸው። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆኖ እየተቀባበሉ ይጎትቱ ነበር። የታችኛው ሰጋቱራው ዓይኑ ውስጥ ሲገባ ይውላል። እሳቸው የጀመሩት ከታች ነው፤ ዓይናቸው ሁልጊዜ ቀይ ነበር። እና እኚህ ሰው መዳፋቸውን ጣውላው ላይ አድርገው «ይኼ ገና ውኃ ነው፤ አቆዩት» አሉ።

የቤቱ ባለቤት ግን በሮቹን ለጥምቀት አደርሳለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ክረምቱ ከወጣ ብዙም አልቆየም። እኔም ትንሽ እንታገስ ብዬ ነበር፤ ማን ይሰማኛል? በሮቹ ለበዓሉ ደረሱ። ያምሩ ነበር። ፋሲካ ሳይደርስ ግን ጣውላው ከጣውላው ተለያይቶ ብርሃን ያስገባ ጀመር። አንዱ በር ተጣሞ ከጉበኑ ጋር አልገጥም አለ። በመጨረሻ ነቅለው በላሜራ በር ተኩት። ዋንዛው የድግስ ማገዶ ሆነ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያን የሚያህል ዛፍ መልሶ ለማብቀል የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውኃ ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ጣውላው መጠኑን አይቀይርም። ከዚያ ሲወርድ ነው መኮማተር የሚጀምረው። ደግሞ እኩል አይኮማተርም። በግንዱ ዙሪያ ያለው መኮማተር ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ካለው እጥፍ ገደማ ነው። የሚጣመመውም ለዚህ ነው።

የዛሬ ልጆች ጎበዞች ናችሁ። እኛ በስንት ልፋት ያየነውን በስልካችሁ በአንድ ምሽት ታዩታላችሁ። ግን ቪዲዮው ግንዱ ሲከፈት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት የሚቀርጽ የለም። ሥራው ግን እዚያ ነው። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት ጥላ ሥሩ። ጣሪያ ይኑረው፣ ጎኑ ክፍት ይሁን፣ ነፋስ ይለፍበት። ጣውላውን ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት። በየንብርብሩ መካከል 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ደረቅ እንጨቶች አጋድሙ። እነሱም ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይሁኑ፤ ካልሆነ ጣውላው ይጎብጣል። ጫፉን ቀለም ቀቡት፤ ውኃው ቶሎ የሚወጣው በጫፍ ነውና ይሰነጠቃል። ከላይ ድንጋይ ጫኑበት።

ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ስጡት። በበጋ ሊፈጥን ይችላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ብዙም አትጠብቁ። አንድ ቁራጭ ለይታችሁ በየሳምንቱ መዝኑ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርሷል ማለት ነው። እዚሁ ጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሰው ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ያያል፤ የእኔ ዓይን እንጨቱ ላይ ይቀራል። ያን የሠሩት ሰዎች እንጨት ማቆየት ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ታገሱ አልኩ። ባሕር ዛፍን ለመሰንጠቅ ግን ፍጠኑ። ከተቆረጠ በኋላ ሜዳ ላይ ከተጣለ ጫፉ ወዲያው መሰንጠቅ ይጀምራል። ውስጡ ውጥረት አለው። ከአንድ ወገን ብቻ ከቆረጣችሁት ጣውላው እንደ ቀስት ይጎብጣል። ሁለት ጣውላ ካወጣችሁ በኋላ ግንዱን ገልብጡትና ከሌላው ወገን ቀጥሉ።

ማሽን የግድ ከተባለ ባንድ ሶ፣ ማለትም እንደ ቀበቶ የሚዞር ቀጭን መጋዝ ያለው፣ ይሻላል። እያንዳንዱ ቁርጥ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚበላው። ክቡ መጋዝ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ቢበላ ዐሥር ቁርጥ ላይ ባለ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሁለት ጣውላ ወደ ሰጋቱራ ሄደ ማለት ነው። ስለ ጓንትና ስለ መነጽር አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

አንተ የጠዳው ልጅ፣ ዋንዛው ገና ቆሞ ከሆነ ክረምቱ ይለፍ። የመቁረጫ ፈቃዱን እስክታወጣ ጥላህን ሥራ። የግቢ ዛፍ ደግሞ ምስማርና ሽቦ ውጦ ይኖራል፤ አንድ ምስማር መጋዝህን ይጨርሰዋል። አያትህን የልብስ ማስጫው ሽቦ በየት በኩል ታስሮ እንደነበር ጠይቃቸውና ቦታው ላይ በኖራ ምልክት አድርግበት።