ባሌ ተራራ ለ2 ሌሊት፦ ሙሉውን ከመክፈልሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። ከሥራ ጓደኞችሽ ጋር አራት ሆናችሁ ከጥምቀት በኋላ ባሌ ልትሄዱ ነው። 2 ሌሊት፣ በእግር፣ ከመሪ ጋር። አዲስ አበባ ያለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት «ሙሉ ፓኬጅ» ብሏችኋል። የመጀመሪያው ሌሊት ሳነቴ ላይ፣ ያ የባሌ ከፍተኛ አምባ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ክፍያው በሙሉ በቅድሚያ። አንቺ የጠየቅሽው «ምን እንያዝ? ከፍታውስ ይከብደን ይሆን?» ብለሽ ነው።

ስለ ጫማና ስለ ጃኬት ሌሎች ጽፈውልሻል፤ እሱን እዘለዋለሁ። የላኩላችሁን ፕሮግራም ሳነብ ግን ደሜ ፈላ። ለእኛ የሸጡልን ራሱ ነው። እኛም የሥራ ባልደረቦች ነበርን፣ እኛም ፈቃድ የሞላልን በጭንቅ ነበር። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት ይህችን አንብቢ።

1. የመጀመሪያውን ሌሊት ሳነቴ ላይ እንዳታድሩ።

በዚህ ድርድር የለም። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሳነቴ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው። «እኛ እኮ ደገኞች ነን፣ ምን እንሆናለን» የሚል ሰው ከየቡድኑ አይጠፋም። ከእኛም አልጠፋም። ተራራ የሚያውቁ ሰዎች የሚከተሉት ደንብ አለ፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ፣ የምትተኙበት ቦታ ከትናንቱ በ500 ሜትር ቢበልጥ ነው፤ ከዚያ በላይ አይጨመርም። ቀን ላይ ከፍ ብሎ ውሎ ማታ ወረድ ብሎ ማደር ችግር የለውም። ጣጣው ያለው እንቅልፉ ላይ ነው። 4,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባልሽ ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከምታገኚው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ታዲያ ድርጅቶቹ ለምን ሳነቴን ያስቀድማሉ? ለእነሱ ስለሚቀልላቸው! የመኪና መንገዱ ከጎባ ተነስቶ አምባውን ሰንጥቆ ወደ ሪራ ይወርዳል። ድንኳኑን ከመኪናው አጠገብ ይተክላሉ። ፈረስ የለ፣ ፈረስ ጫኝ የለ። የእግር ጉዞ ብለው ያስከፍሉሻል፣ በመኪና ያወጡሻል።

ከእኛ ጋር ከአዳማ የመጣ ልጅ ነበር። ጠዋት 1,600 ሜትር ላይ ቁርሱን የበላ ሰው፣ ማታ 4,000 ሜትር ላይ ራት ቀረበለት። አልነካውም። መጀመሪያ ራሱን አመመው። ቀጥሎ አቅለሸለሸው፣ ከዚያ አስመለሰው። የድርጅቱ ሰው ሹፌሩም፣ ወጥ ሠሪውም፣ መሪውም እሱ ነው። «ብርድ ነው፤ ዝንጅብል ያለው ሻይ ይጠጣ» አለ። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ልጁ ለሽንት ወጥቶ ሲመለስ ቀጥ ብሎ መራመድ አቃተው። እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል።

እዚህ ላይ ልብ በይ። ራስ ምታት ብቻ ከሆነ እዚያው አርፎ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ከፍ ሳይሉ መቆየት ይቻላል። መንገዳገድ፣ መቀባዠር ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ሻይ አያድነውም። ወዲያው መውረድ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን። መኪናውን አስነሳ ብዬ ስጮህበት ሰውዬው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጎባ ማደር ፕሮግራሙ ላይ የለም።» ከዚያ ደግሞ የነዳጁን ሒሳብ አነሳ። በጨለማ ነዳጁን ማን ይከፍላል እየተባባልን ነው የወረድነው። ጎባ ሳነቴን ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ነው ያለችው። ልጁ ጠዋት ተነስቶ ፍርፍር አዘዘ። መድኃኒቱ መውረዱ ነበር።

ለከፍታ ሕመም ስለሚወሰደው ዲያሞክስ ስለሚባለው ክኒን ጠይቀሽ ነበር። እሱን ሐኪም ይንገርሽ፤ ከሰልፋ መድኃኒት ጋር የማይስማማ ሰው ካለባችሁ ደግሞ ለሐኪሙ ቀድሞ ይናገር። ግን ክኒን ይዣለሁ ብሎ ሳነቴ ላይ መተኛት አይቻልም።

2. «ሙሉ ፓኬጅ» ሲሉሽ ምኑ ሙሉ እንደሆነ በጽሑፍ ያምጡ።

የፓርክ መግቢያ፣ የመኪና መግቢያ፣ የድንኳን ቦታ፣ የመሪ የቀን አበል፣ ፈረስ፣ ፈረስ ጫኝ፣ ምግብ። እያንዳንዱ በራሱ መስመር ይቀመጥ። የእኛ ውል ላይ የነበረው «አገልግሎት» የሚል አንድ ቃል ነው። የፓርኩ መግቢያ የሆነችው ዲንሾ ስንደርስ የመግቢያውንም የመሪውንም ከኪሳችን እንደገና ከፈልን። ከአሜሪካ የመጣች አንዲት ዘመድ አብራን ነበረች። የውጭ ዜጋ መግቢያ ከአገሬው ይለያል። የእሷን ልዩነት አዲስ አበባ ላይ ተቀብለውናል፣ እዚያ ስንደርስ ግን የተከፈለ ነገር የለም። ከእናንተ መካከል የውጭ ፓስፖርት የያዘ ካለ ይህን ነጥብ ሁለት ጊዜ ጠይቁ።

ከተመለስን በኋላ ቢሮአቸው ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ቁጭ አልኩ። ስብሰባው ከመስታወቱ ማዶ ይታያል፦ ብቻውን ስልኩን እየነካካ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ሳትል «ጉዞውን ያቋረጣችሁት እናንተ ናችሁ» አለችኝ። ልጁ ታሞ ነው ስላት «ድሮም በሽታ ይኖርበት ይሆናል፤ ተራራው የእኛ አይደለም» አለች። ይቺ ንግግር እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።

እነሱ ያላወቁት እኔ ሒሳብ ሠራተኛ መሆኔን ነው። ዲንሾ የከፈልነውን ደረሰኝ አንድ በአንድ ይዣለሁ። የጎባውን ሆቴል ሳይቀር። ጠረጴዛው ላይ በቀን ተራ ደረደርኩት። ውላቸውን ከላይ አደረግሁና «አገልግሎት የምትለዋን ቃል አስረዱኝ» አልኩ። ሌሎች ደንበኞች መስማት ሲጀምሩ ስብሰባው አለቀ። የመግቢያውንና የመሪውን ብር መለሱልኝ። የሁለተኛውን ሌሊት አልመለሱም፤ «የተሰናዳ ምግብ ነበር» ብለው። የትኛው ምግብ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ባልደረቦቼ አሁንም ደረሰኙ እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ! ብራቸውን ያስመለሰላቸው ማን ሆነና?

3. በቀጥታ ዲንሾ ሂዱ።

የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለው ዲንሾ ነው፤ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። በአሰላና በቆጂ በኩልም በሻሸመኔ በኩልም ይኬዳል። እኔ የአሰላን እመርጣለሁ፤ ሻሸመኔ ውስጥ በባጃጅ መሐል የሚጠፋው ጊዜ ያናድደኛል። በመነሻችሁ ዋዜማ ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን ዲንሾ ካለ ሰው በስልክ አጣሩ። የአካባቢው መሪዎች በማኅበር የተደራጁ ናቸው። ያለ መሪ ፓርኩ ውስጥ በእግር መጓዝ አይቻልም፣ ስለዚህ አዲስ አበባ ያለው ደላላ ቢኖርም ባይኖርም መጨረሻ ላይ የሚመራችሁ የዲንሾ ልጅ ነው። ቀድማችሁ ደውላችሁ ቀኑን ንገሯቸው። ፈረስ በድንገት አይገኝም።

በሌላ ጊዜ ያንኑ የአዳማ ልጅ ይዤ በዚህ መንገድ ሄድኩ። እናቱ በስንት ልመና ፈቀደች። የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ አደርን። ከ3,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል፣ ለመልመድ ይበቃል። ከሰዓት በኋላ በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ቀስ እያላችሁ ተንሸራሸሩ። የደጋ አጋዘን እዚያው ዛፉ ሥር ቆሞ ታገኙታላችሁ። ሰው አይቶ አይደነግጥም። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሌለ እንስሳ ነው፣ እኛ ግን የምናውቀው 10 ሳንቲም ላይ በነበረው ሥዕሉ ብቻ ነው።

በማግስቱ ዕቃውን ፈረስ ጫንና ወደ ወብ ሸለቆ ገባን። ሸለቆው 3,500 ሜትር ገደማ ነው። ያ የነገርኩሽ የ500 ሜትር ደንብ እዚህ ልክ ይመጣል። መንገድ ላይ ፍንጫ ሀበራ ፏፏቴ አለ። እሱ አካባቢ ያለውን የድንጋይ ጥላ መሪያችሁ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። በ2019 እ.ኤ.አ. ሳይንስ የተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳለው ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰው እዚያ ይኖር ነበር። በዚህ ከፍታ ሰው ለመኖሩ ከተገኙት ማስረጃዎች ቀዳሚው ነው። ምን ይበሉ ነበር መሰለሽ? የባሌን ትልቁን ፍልፈል፣ ጠብሰው። የአዳማው ልጅ ይህን ሲሰማ «ታዲያ እኔ ሽሮ አሻፈረኝ ያልኩት ምን ሆኜ ነው» አለ።

ፍልፈሉ አሁንም አለ፤ አሁን የሚበላው ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ነው። ሌሎች ቀበሮዎች ማታ ያድናሉ፤ ይሄኛው ግን ቀን በፀሐይ ነው የሚያድነው። ስለዚህ ለማየት ጎሕ ሳይቀድ መነሳት አያስፈልግም። ዳቦ መወርወር ክልክል ነው። ውሻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ እነዚህን እንስሳት በብዛት የጨረሰው ከውሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

አሁን 4 ልልሽ ነበር፤ ስለ ምግብ ነው። ክክና ባቄላ አትያዙ። እዚያ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሆነ ቢንተከተክም አይበስልም። እኔ ምስር ይዤ ሄጄ እስክንተኛ ድረስ ድስቱን ሳማስል ፈረስ ጫኙ በትዕግሥት አይቶኝ የራሱን በሶ አካፈለኝ። ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎ ያዙ። ማብሰያውን ከነጋዙ ይዛችሁ ሂዱ፣ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ለማገዶ እንዳይቆረጥ። በጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ማታ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል። የውኃ ጠርሙሳችሁን ይዛችሁት ተኙ፣ ካልሆነ ጠዋት የምትጠጡት በረዶ ነው። ለመሪውና ለፈረስ ጫኙ ጉርሻ ለየብቻ፣ በእጃቸው ስጡ።

ሳነቴንስ? 2 ሌሊት ብቻ ካላችሁ ይቅርባችሁ። ሦስተኛ ሌሊት ከአለቃሽ ከለመንሽ ከወብ ተመልሳችሁ ዲንሾ ወይም ጎባ እደሩና በማግስቱ ቀን ላይ በመኪና ውጡ። ጅብራውን እዩ፣ ሻይ ጠጡ፣ ውረዱ። እዚያ ያለው ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ ጫፉ ድረስ መኪና ይወጣል። በእግር ከወጣሽ፣ ላብሽን ጠርገሽ ስትደርሺ ሰው ከመኪና ወርዶ ሰልፊ ሲነሳ ታገኚዋለሽ። እኔን አናዶኛል፣ አንቺን ላያናድድሽ ይችላል።

ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ አሁኑኑ ደውይና የሌሊቶቹ ቦታ ይቀየር በይ፦ መጀመሪያ ዲንሾ፣ ቀጥሎ ወብ። ፈረስና መሪ ከዲንሾ እንደሚሆን በጽሑፍ ይላኩ። እንቢ ካሉ ቀብዱ ይቅር፣ ሙሉውን ግን አትክፈሉ። የእኔን ድርጅት ስም እዚህ አልጠራም። ግን የላኩላችሁ ፕሮግራም ላይ «ቀን 1፦ ራት በሳነቴ ከዋክብት ሥር» የሚል መስመር ካለ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። የደረሰኞቹ ፎቶ አሁንም ስልኬ ላይ አለ፤ ይዘሽ ትሄጃለሽ።