መብት ከሆነ ፈቃዱ ለምን?

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ትንሽ ሱቅ አለኝ፤ የምዘጋው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ። ሽጉጥ ልግዛ ስል መጀመሪያ ፈቃድ አውጣ ተባልኩ። ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ግን ያለ ፈቃድ ገዝቷል። ሕገ መንግሥቱ መብት ነው ካለ መንግሥት በምን ሥልጣን ፈቃድ ይጠይቀኛል? እሱ ገዝቶ ቢሰጠኝስ?

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር፤ አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው። የአክስትዎ ልጅ ሲገዛ ፎርም 4473 በሚባለው የፌዴራል የመሣሪያ ግዢ ቅጽ ላይ ትክክለኛው ገዢ እሱ መሆኑን ይፈርማል። በእርስዎ ገንዘብ ለእርስዎ እየገዛ ይህን ከፈረመ እስከ 10 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው። «እኔም እኮ መግዛት አልተከለከልኩም» ማለት አያድንም። ብሩስ አብራምስኪ የተባለ የቨርጂኒያ ሰው ምንም እገዳ ለሌለበት አጎቱ ሽጉጥ ገዛ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 ጥፋተኛነቱን አጸናው። ግሪን ካርድ ለያዘ ሰው ደግሞ በመሣሪያ ወንጀል መፈረድ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። እባክዎ ይህን መንገድ ይተዉት።

ወደ መብቱ እንምጣ። የ2008ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሄለር ውሳኔ ራስን ለመከላከል በመኖሪያ ቤት ሽጉጥ መያዝ የግለሰብ መብት ነው ብሏል። የ2022ቱ የብሩን ውሳኔ መብቱን ከቤት ውጭ አሻገረው። እዚያው ላይ ግን ፍርድ ቤቱ ማጣራትና ሥልጠና የሚጠይቅ ፈቃድ በራሱ መብት እንደማይጥስ ጠቁሟል፤ ፈቃዱን መጠበቁ ከተንዛዛ ወይም ክፍያው ሰውን መብቱን እስከ መንፈግ ከደረሰ ግን መሟገት ይቻላል። የሜሪላንዱ ፈቃድ በ2024 በፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ተሞግቶ ጸንቷል። በእኛ እምነት ክርክሩ መሆን ያለበት ወጪው ላይ ነው። ማመልከቻው 50 ዶላር ቢሆንም የሥልጠናውና የአሻራው ሲጨመር፣ በሰዓት ክፍያ የሚያድር ሰው መብቱን ይተወዋል። ይህ ያሳስበናል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ዕድሜ 21 መሙላት አለበት። ቢያንስ 4 ሰዓት ሥልጠና ይወስዳሉ፤ ተኩስም አለበት። ከዚያ አሻራ ሰጥተው ለስቴት ፖሊስ በኢንተርኔት ያመለክታሉ፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት። ፈቃዱ 10 ዓመት ያገለግላል። ሽጉጡን ሲገዙ ደግሞ ሌላ 7 ቀን ይጠብቃሉ።

የእኛ ሰው ጉዳይ በስም ሊጓተት ይችላል፦ መንጃ ፈቃዱ ላይ የአባት ስም፣ ግሪን ካርዱ ላይ የአያት ስም መጨረሻ ሲሆን፣ ወይም ፊደሉ ሲለያይ። አስቀድመው ያስተካክሉት፤ ግሪን ካርድዎ ላይ ያለውን የኤሊየን ቁጥርም (A-Number) ሳይዘልሉ ይሙሉ። ማሪዋና የሚጠቀም ሰውም ይጠንቀቅ፤ ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ብትፈቅደውም ፎርም 4473 ይጠይቃል፣ የፌዴራል ሕጉም አልፈቀደውም።

የሱቁ ባለቤት ስለሆኑ እዚያው ውስጥ ለመያዝ ተጨማሪ ፈቃድ አያስፈልግም። ከቤት ወደ ሱቅ ሲያመላልሱ ግን ሽጉጡ ጥይት ያልጎረሰ፣ በተዘጋ መያዣ ወይም በተዘጋ አፎት ውስጥ ያለ መሆን አለበት። መንገድ ላይ ታጥቆ ለመሄድ 16 ሰዓት ሥልጠና ያለው ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱም ዲሲ ውስጥ አይሠራም። ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ የሚውሉ ከሆነ ሽጉጡን በመሳቢያ አያስቀምጡ፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ መተው በሜሪላንድ ወንጀል ነው። በቁልፍ የሚዘጋ ትንሽ ካዝና ይግዙለት።