ውሉን የተዋጋው ሰው በውሉ ወንበር ላይ

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን መጻሕፍት የምንወያይ አንባቢዎች ነን። የአየርላንዱ ኤመን ዴ ቫሌራ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገውን ውል ተቃውሞ እስከ ጦርነት ደረሰ፤ በአሥር ዓመቱ ግን ያው ውል ያቆመውን መንግሥት ሲመራ እናገኘዋለን። ግማሾቻችን «አቋሙን ሸጠ» ስንል ሌሎቻችን «ዘዴኛ ነው» አልን። የቱ ይረታል? (የንባብ ክበብ አባላት፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንያዝ። አየርላንድን በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ራሷን የምታስተዳድር አገር ያደረገው ውል በዲሴምበር 1921 ተፈረመ፤ የደብሊኑ ምክር ቤት በጃንዋሪ 1922 በ64 ለ57 ድምፅ አጸደቀው። ክርክሩን ያጋለው የሰሜን አየርላንድ ተከፍሎ በእንግሊዝ ሥር መቅረት ሳይሆን እንደራሴዎች ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝነት የሚምሉበት አንቀጽ ነው። የውጫሌን አንቀጽ 17 የሚያውቅ ሰው በዚህ አይገረምም።

ውሉ ባስነሳው የእርስ በርስ ጦርነት የዴ ቫሌራ ወገን በ1923 ተሸነፈ። እሱም መሐላውን ላለመማል ምክር ቤቱን እየሸሹ መቅረት ሥልጣኑን ለተቀናቃኝ መተው መሆኑ ስለገባው፣ በ1926 ከነጻነት ታጋዩ ፓርቲ ከሲን ፌን ወጥቶ ፊያና ፎል የተባለ አዲስ ፓርቲ መሠረተ። በ1927 ሚኒስትሩ ኬቨን ኦሂጊንስ ሲገደል መንግሥት ዕጩዎች ሁሉ መሐላውን እንዲቀበሉ የሚያስገድድ ሕግ አመጣ። ዴ ቫሌራ መጽሐፍ ቅዱሱን ገፋ አድርጎ መዝገቡ ላይ ፈረመ፤ መሐላ አልማልሁም ባይ ነበር። «ሸጠ» የምትሉት ወገኖች ጠንካራው ማስረጃችሁ ይህ ነው።

በ1932 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን ውሉን ክር በክር ተረተረው። መሐላው በ1933 ተሰረዘ። በዲሴምበር 1936 ንጉሥ ኤድዋርድ ዙፋን ሲለቅ ግርግሩን ተጠቅሞ ንጉሡን ከሕገ መንግሥቱ አስወጣ። በ1937 አዲስ ሕገ መንግሥት በሕዝብ ድምፅ ጸደቀ፤ በ1938 እንግሊዝ በውሉ ይዛቸው የቆየችውን ሦስት ወደቦች መለሰች። ዋጋውን የከፈለው ገበሬው ነው፦ አየርላንድ ገበሬዎቿ መሬት የገዙበትን የእንግሊዝ ብድር በ1932 አልከፍልም ስትል እንግሊዝ በአየርላንድ ከብቶች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለች፤ ጠቡም በ1938 አየርላንድ በከፈለችው 10 ሚሊዮን ፓውንድ ተዘጋ። (በዚያው ዘመን፣ በ1935፣ ዴ ቫሌራ ጄኔቭ ላይ ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ያነሳችውን ወረራ ተቃውሞ ማዕቀቡን ደግፏል።)

ስለዚህ በእኛ ሚዛን ዘዴኛ ያሉት ያመዝናሉ። ሆኖም ውሉን ከፈረሙት አንዱ የሆነውና በ1922 የተገደለው ማይክል ኮሊንስ ውሉ ወደ ሙሉ ነጻነት መሄጃ ነው ብሎ ነበር፤ እውነቱን መሆኑን በተግባር ያሳየው ራሱ ዴ ቫሌራ ነው። መንገዱን የጠረጉለትም እስከ 1932 የገዙት ውሉን ደጋፊ ተቀናቃኞቹ ናቸው፤ እንደ አየርላንድ ያሉ አገሮች የለንደንን ሕግ መሻር እንዲችሉ የፈቀደው፣ በ1931 ለንደን ያወጣችው የዌስትሚንስተር ሕግ በእነሱም ትግል የመጣ ነው። ሪፐብሊኩ እንኳ በ1949 በይፋ የጸናው እሱ ተቃዋሚ ወንበር ላይ ሳለ ነበር።